ከፍሎረንስ የጀመረ አቤቱታ

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ያለበለዚያ ሐሜት ይሆንብኛል።

የያዙኝ ከሥራ ስወጣ፣ በሆቴሉ የሠራተኞች ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሁለት የኢሚግሬሽን ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም ትሑቶች። አንደኛው ቦርሳዬን ከመኪናዬ አወጣልኝ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ አሳልፈሻል አሉኝ። የቀጠሮው ደብዳቤ የሄደው ድሮ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሰዘርን ሃይላንድስ ነው፤ እኔ ልጆቼን ይዤ በከተማው ሌላ ጫፍ ሴንቴኒያል ሂልስ ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ይህን ነገርኳቸው። ለዳኛው ንገሪው አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ለምን እንዳመሰገንኳቸው አላውቅም፤ ልማድ ነው።

በአገሬም ታስሬ ነበር፤ ወንድሜ ያለበትን አልናገርም ብዬ። እዚያ የያዙኝ ሰዎች ቦርሳዬን አላወጡልኝም። ስለዚህ በበረሃው መንገድ ወደ እስር ቤቱ ሲወስዱኝ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ከልቤ ነው። ልጆቼ ጎረቤቴ ጋ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን በስልክ ሳገኛቸው ትልቋ፣ ማሚ፣ ኦቨርታይም እየሠራሽ ነው ወይ አለችኝ። እንደዚያ በይው አልኳት።

ሥራዬ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ነው፣ በቀን አሥራ አራት ክፍል። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የአልጋውን ጥግ ነው። ብርድ ልብሱ በደንብ ተወጥሯል። የመጸዳጃው ብረት ያበራል። መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ግን መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ የለም። የእኛ ሱፐርቫይዘር ብታየው ታሳልፈዋለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ከውስጥ በኩል እጀታ እንደሌለው ያየሁት ያኔ ነው።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ ሁለቱም የአገሬ ሰዎች። አማርኛ ተናጋሪዎቹን አንድ ላይ ያደረጉን ለአስተርጓሚ እንዲመቻቸው ይመስለኛል። አንደኛዋ ወሎዬ ናት፣ በእኔ ዕድሜ፣ በአንድ ካዚኖ ወጥ ቤት አትክልት ስትከትፍ የኖረች። ገና ሳልቀመጥ፣ «አብሽሪ እህቴ፤ ምግቡ ጨው የለውም እንጂ ሌላው ደህና ነው» አለችኝ። ሁለተኛዋ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው መምህርት ናቸው። ከአልጋቸው ተነሥተው ጨበጡኝ፤ ሆቴል እንደምሠራ ስነግራቸው ጣሪያው የተሳለ መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ።

የተሳለ ነው አልኳቸው። ደመናና ክንፍ ያላቸው ሕፃናት አሉበት።

«ማነው የሳለው?»

አላውቅም አልኩ። አቧራውን የሚጠርጉት ሌሎች ናቸው።

መምህርቷ ስለ ጣሪያ ሥዕል ይነግሩኝ ጀመር። ሲጀምሩ ምሳ ገና አልመጣም ነበር፤ ሲጨርሱ እራት ቀርቧል።

የማንንም ስም አልጽፍም። የሴቶቹን የማልጽፈው አደራ ስላለብኝ ነው። መምህርቷ ያስተማሩንን የጣሊያን ሰዎች ስም የማልጽፈው ደግሞ ብጽፈው ስለማሳስተው ነው። ዘመኑ ሬኔሳንስ ይባላል፤ ከአምስት ስድስት መቶ ዓመት በፊት በዚያ አገር ሥዕልና ትምህርት እንደ አዲስ የተነሡበት ጊዜ ነው። ሰዎቹን የምናውቃቸው በሥራቸው ነበር። አንዱ የአንድ ትልቅ ቤተ ጸሎት ጣሪያ አራት ዓመት የሳለው ነው፤ ቁጡ፣ ቦቲውን ሳያወልቅ የሚተኛ። አንዱ ባለ ግራ እጁ ሰዓሊ ነው፤ ሁሉን ይጀምራል፣ ምንም አይጨርስም። ወሎዬዋ በዚህ ሰውዬ ትናደድ ነበር። እኛ ወጥ ቤት ቢሆን በሁለተኛው ቀን ይባረር ነበር ትላለች። አንዱ ደግሞ ሰማይን በቱቦ አይቶ፣ የምትዞረው መሬት ናት በማለቱ እስኪሞት ከቤቱ እንዳይወጣ የተፈረደበት ሽማግሌ ነው። እሱን ሁላችንም ወደድነው። ወሎዬዋ ብቻ፣ ከነወጥ ቤቱ ከታሰረማ ምን ጎደለበት አለች።

አራተኛው ጸሐፊው ነው። መምህርቷን ያሳሰራቸው እሱ ነው።

ጸሐፊው በፍሎረንስ ከተማ የመንግሥት ሹም ነበር። መንግሥቱ ሲገለበጥ ታሰረ፣ ተሰቃየ፣ ተለቀቀ፤ ከዚያ ገጠር ገብቶ ገዢዎች ሥልጣን እንዴት እንደሚይዙና እንዴት እንደሚያጡ ጻፈ። መምህርቷ ይህን ሰው በአገራችን ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን፣ ገዢ ቢፈራ ይሻለዋል ወይስ ቢወደድ ብለው ተማሪዎቹን ጠየቁ። አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ሁለቱም ካልሆነለትስ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም ሳቁ። በማግሥቱ መጥተው ወሰዷቸው። የክሱ ፍሬ ነገር መሳቃቸው ነበር።

አሁን ጉዳያቸው እዚህ አገር ዳኛ ፊት ነው። ዳኛው ጥገኝነት ከሰጣቸው ይወጣሉ። ካልሰጣቸው ወደዚያው አገር፣ ወደዚያው ሰዎች ይመለሳሉ። ኮሌጁ፣ እኚህ ሴት እዚህ አስተምረው አያውቁም ብሎ ስለጻፈ ምንም የሥራ ማስረጃ የላቸውም። ያላቸው የራሳቸው ቃል ብቻ ነው፤ ቃል ደግሞ በዝቶባቸዋል።

እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ጊዜ ቀርበው ነበር። ችሎቱ በስክሪን ነው፤ ዳኛው ከተማ ተቀምጦ ይታያል፣ አስተርጓሚው በስልክ ይሰማል። ዳኛው አገርዎን ለምን ለቀቁ ብሎ ጠየቃቸው። መምህርቷ፣ በፍሎረንስ አንድ ባለባንክ ቤተሰብ ነበር ብለው ጀመሩ። ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ጊዜው ሲያልቅ ቤተሰቡ ገና ከተማዋን አልያዘም ነበር። ዳኛው አስተርጓሚውን በትክክል እየተረጎምክ ነው ወይ አለው፤ ምስኪኑ፣ ክቡር ዳኛ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል አለ። የመንግሥት ጠበቃው፣ ሴትዮዋ ጥያቄውን እየሸሹ ነው፣ መምህርም አይመስሉኝም ብሎ አስመዘገበ። ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው። እኔ የገባሁ ዕለት ለቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

እስከዚያው በየቀኑ ተማርን። ከጠዋቱ ቆጠራ በኋላ መምህርቷ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ የእስረኛ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ይቆማሉ። ጸሐፊውም ገጠር ሲኖር፣ ሊያነብ ሲል የጭቃ ልብሱን አውልቆ የሹመት ልብሱን ይለብስ ነበር ይሉናል።

በሆቴላችን መተላለፊያ ስላለው ነጭ ሐውልት ነገርኳቸው። ራቁቱን የቆመ ጎልማሳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሪዬን እየገፋሁ በአጠገቡ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ በጾም ቀን በሌላኛው ሊፍት እሄዳለሁ። ትከሻው ላይ የያዘው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም አልኩ። ወንጭፍ ነው አሉኝ። ግዙፉን በጠጠር የጣለው እረኛ ነው፣ በኋላ ንጉሥ የሆነው። ደነገጥኩ። እኔ በየማለዳው የምደግመው የእሱን ጸሎት ነው። አማተብኩ። ወሎዬዋ፣ እኛም እናከብራቸዋለን፣ ነቢይ ናቸው፣ ለመሆኑ ልብሳቸውን ማን ወሰደባቸው አለች።

ሌላ ቀን መምህርቷ በቅጽ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ ቁራጭ የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ ሳሉልን። ባለ ግራ እጁ ሰዓሊ ግድግዳ ላይ የሳለው ነው። እሳቸውም የሚስሉት በግራ እጃቸው ነበር። ይሁዳ የትኛው እንደሆነ ፈልጊ አሉኝ። ይህ ለእኔ ቀላል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። ከልጅነቴ የማውቀው ነው። ቆጠርኩ።

«እትዬ፣ አምስት ይሁዳ አለ» አልኳቸው።

ወሎዬዋ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ ታዲያ ማን ሊሸጥ ማን ሊገዛ ነው የተቀመጡት አለች። መምህርቷ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ጣሊያኖቹ ሰውን በጎኑ መሳል ለምን እንደወደዱ ማስረዳት ጀመሩ፤ ምሳው ቀዘቀዘ።

አምስት ቀን ሲቀር ወሎዬዋ ጭንቅ ያዛት። ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዳኛ ሆነች። «ቲቸር፣ አገርዎን ለምን ለቀቁ? አጠር ያድርጉት፤ ሺፍቴ ሊያልቅ ነው» አለች። መምህርቷ አጠር አደረጉት፤ የባለባንኩን አባት ትተው ከልጁ ጀመሩ። ዳኛዋ እስከ ልጅ ልጁ ከታገሠች በኋላ ብርድ ልብሷን አውልቃ ተኛች።

እኔ ጣልቃ የገባሁት ያኔ ነው። እኔ ቃል አላበዛም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአንቺ ወሬ ለማግኘት ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል ይለኝ ነበር። እናም መምህርቷን፣ እትዬ፣ ንስሐ አባትዎ ፊት ሲቀርቡ እንዴት ነው የሚናገሩት አልኳቸው። እዚያማ አጭር ነው አሉ። ታሪክ አይወራም፣ እገሌ እንዲህ አደረገ አይባልም፤ የራስን ተናግሮ ዝም ነው።

«እንደዚያ ይናገሩ» አልኳቸው።

ተለማመዱ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ በማግሥቱ ሰባት፣ በመጨረሻ አራት ደቂቃ ደረሱ። ወሎዬዋ ማሻላህ አለች። እኔም ትንሽ ኮራሁ። ከአራቱ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደቀረ አንዳችንም ልብ አላልንም፤ የምናየው ሰዓቱን ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ወሰዷቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል።

«በሚገባ ተናዘዝኩ» አሉን።

ከዚያ ቃል በቃል ነገሩን። ዳኛው አገርዎን ለምን ለቀቁ ሲላቸው፣ አጥፍቻለሁ ብለው ጀመሩ። አፌን አልገታሁም፤ በማይሳቅበት ሳቅሁ፤ ልጆቹንም ለአደጋ ዳረግኋቸው። ዳኛው የጎዳዎት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የሌላ ሰው ኃጢአት መናገር አይገባኝም አሉት። መቱዎት ወይ አለ። ይቅር ብያቸዋለሁ አሉ። የመንግሥት ጠበቃው ወረቀቱን ሰበሰበና ጥያቄ የለኝም አለ። ዳኛው ግን ፋይሉን አልዘጋም። ባለፈው ስለ ፍሎረንስ ሰማሁ፣ ዛሬ ስለ ኃጢአት ሰማሁ፣ ስለ እርስዎ ግን እስካሁን አልሰማሁም አለ። የመጨረሻ ነው ብሎ ለሰኞ ቀጠራቸው።

ወሎዬዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ወላሂ፣ ለመባረር ይህን ያህል የለፋ ሰው አላየሁም አለች፤ ያለችው ግን በቀስታ ነው።

መምህርቷ እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገሩም፤ ስለ ጣሪያ እንኳ።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዳኛው የጠየቀው ሌሎች ምን እንዳደረጉባቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ያስተውኳቸው እሱኑ ነው። ለነፍስ የሚበጀውን ለፍርድ ቤት ሰጠሁ። ጸለይኩ። ቅዳሜ ጠዋት እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኳቸው።

«ተነሺ ልጄ» አሉኝ። «ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።»

አልተነሣሁም። ወለሉ ላይ እንደተንበረከክሁ በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር ተናገርኩ። «እትዬ፣ እኔ ማሳጠር እንጂ ሌላ አላውቅም። ሰኞ ዳኛውን ያስተምሩት። ከፍሎረንስ ይጀምሩ። ለእኛ እንደነገሩን ይንገሩት፤ ግን እርስዎ ጋ ሲደርሱ ዘለው እንዳያልፉ። ጸሐፊውን ምን እንዳደረጉት ነግረውናል። እርስዎን ምን እንዳደረጉዎት ለእኛም አልነገሩንም።»

ብርድ ልብሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። በኋላ፣ ጊዜ አይበቃም አሉ።

«ባለባንኮቹን ይዝለሏቸው» አለች ወሎዬዋ።

ሰኞ ሄዱ። ምሳ መጣ፣ አልተመለሱም። ምሳቸውን በሳህን ከደንንላቸው። የቀትር ቆጠራ አለፈ። ወሎዬዋ በአንዱ ጥግ ሰገደች፣ እኔ በሌላው ጥግ ጸለይኩ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሁለታችንም ስንነሣ ጀርባ ለጀርባ ተጋጨን። ይቅርታ ተባባልንና ቀጠልን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

ከጸሐፊው ነበር የጀመሩት። ትንሽ እንደሄዱ ዳኛው አቋረጣቸው። ያ ጣሪያውን የሳለው ሰው በጀርባው ተኝቶ ነው አይደል የሳለው አለ። አይደለም፣ ቆሞ ነው አሉት። ይህን ስሕተት ብዙ ሰው ይሠራል፣ ይጻፉት አሉት። ዳኛው ብዕር አንሥቶ ጻፈ። አስተርጓሚው ሳቁን ሲውጥ በስልኩ ተሰማ። የመንግሥት ጠበቃውም እጁን አንሥቶ፣ ባለ ግራ እጁ ሥራውን የማይጨርሰው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልካም ጥያቄ ነው፣ በመጨረሻ እመልስልዎታለሁ፣ እጅዎን ያውርዱ አሉት። አወረደ።

ከዚያ ልጁ የጠየቀውን ጥያቄ ነገሯቸው። ዳኛው ፈገግ አለ። እነሆ፣ እርስዎም ሳቁ አሉት መምህርቷ፤ እኔ ያጠፋሁት ይህን ያህል ነው።

ከዚያ በአገራቸው ስለታሰሩበት ስድስት ወር ተናገሩ። ያሰቃዩዋቸውን ሰዎች በየስማቸው ጠሩ። ቀኝ እጃቸውን ለካሜራው አሳዩ። ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም። እኛ ሲስሉ እያየን ከተፈጥሯቸው ግራኝ ናቸው ብለን ነበር። ወሎዬዋ እንዲያውም አንድ ቀን፣ እርስዎም እንደ ሰውዬው ነዎት ብላቸው፣ እሳቸው ትልቅ ምስጋና ነው ብለው አልፈዋታል።

ዳኛው፣ መምህር ለመሆንዎ ምንም ጥርጥር የለኝም አለ። ጥገኝነቱን ሰጣቸው። ጠበቃው ይግባኝ አልልም አለ።

ወሎዬዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ኦፊሰሩ እየሮጠ መጥቶ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም አልነው። አመሰገንኩት።

በማግሥቱ ጠዋት እኔና ወሎዬዋ ኮሪደሩን እንድንወለውል ተመድበን ነበር፤ ስለዚህ አወጣጣቸውን አየን። ዕቃቸውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ከመውጫው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ኦፊሰሩ የሚፈርሙበትን ቅጽ ሰጣቸው። ስማቸው፣ አገራቸው፣ የትውልድ ዘመናቸው ተሞልቷል። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ይላል። መምህርቷ ብዕሩን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። ይታረምልኝ አሉ።

ኦፊሰሩ ለመውጣትዎ ምንም ለውጥ አያመጣም አላቸው። አውቃለሁ አሉ። ለማረም ሱፐርቫይዘር መጠራት አለበት፣ ይቆያል አላቸው።

«እጠብቃለሁ።»

ሊወስዳቸው የመጣው ዘመዳቸው ውጭ ቆሞ ነበር። ከኋላቸው በሩ ተከፍቶላቸዋል። ሰባት ወር የጠበቁትን በር አርባ ደቂቃ አስጠበቁት። ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆሙ። እኛ ያንኑ ሦስት ሜትር ወለል ደጋግመን ወለወልነው። በሙያዬ ያን ያህል የጠራ ወለል አይቼ አላውቅም።

ሱፐርቫይዘሩ መጣ፣ አረመው። መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ፈረሙ። ወደ እኛ ዞር ብለው ጎንበስ አሉልንና ወጡ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ወሎዬዋ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «የእኔስ ወረቀት ምን ይላል?» አለችው ኦፊሰሩን። ተንፍሶ ኮምፒዩተሩ ላይ አየ። «የለም» ይላል። የእኔም «የለም» ይላል። ሱፐርቫይዘሩ ገና አልሄደም ነበር። እሷ የወጥ ቤት ሠራተኛ ብላ አስጻፈች። እኔም የራሴን ተናገርኩ። በሁለት ቃል ነው የተናገርኩት፤ ድምፄ ግን ኮሪደሩን ሞላው።

እኔ በሦስተኛው ሳምንት ወጣሁ። ደብዳቤው የተሳሳተ ቤት መሄዱን ዳኛው አመነልኝ። ወሎዬዋም ከእኔ በኋላ ወጣች፤ አሁን ሌላ ካዚኖ ውስጥ ናት፣ ጨው የምትጨምረው ራሷ ናት። መምህርቷ ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ያስተምራሉ፣ ትልቋ ልጄም ትማራለች። አንድ ሰዓት የተባለው ትምህርት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አልቸኩልም። እግዚአብሔር ይመስገን።

የእኔ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ ስለዚህ ቅጽ መሙላት አይቀርልኝም። ለፍርድ ቤት፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ። ሥራ የሚለው መስመር አጭር ነው። እዚያ ስደርስ ብዕሬን በደንብ እይዛለሁ፤ በቀን አሥራ አራት ክፍል የምታጸዳ፣ የሁለት ልጆች እናት ብዬ፣ መስመሩ ሲያልቅ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ እጽፋለሁ።